አባቴን እምቢ ያልኩበት ጠዋት

አባቴን በየጠዋቱ የማስገባው በአፍንጫዬ ነበር። የሰማ ይስቃል፣ ያየ ደግሞ ጭራሽ ይስቃል። ካዛንቺስ ውስጥ ፀጉር ቤት አለኝ፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት አካባቢ ሁለቱም እጆቼ ወይ ቀለም ውስጥ ናቸው፣ ወይ የሰው ጭንቅላት ላይ አረፋ ያስነሳሉ። ልክ በዚያ ሰዓት ግራ እጄ ላይ ያሰርኩት ስማርት ሰዓት ነዘር ያደርገኛል። ሳየው፣ ወደ አባትሽ አካውንት መግባት የሚፈልግ ሰው አለ፣ ይፈቀድ ወይስ ይከልከል ይለኛል። እሺ የምትለዋ ቁልፍ አረንጓዴ ናት፣ እምቢ የምትለዋ ቀይ። በጓንት ብነካት አትሰማም፤ ጓንቱን ላውልቅ ብል የተቀባው ቀለም ጊዜው ያልፋል። ስለዚህ እጄን ወደ ፊቴ አነሳና አረንጓዴዋን በአፍንጫዬ ጫፍ ጠቅ አደርጋታለሁ። በቃ፣ አባቴ ገባ።

ደንበኞቼ ለምደውታል። «ዛሬም አባትሽን ሳምሻቸው?» ይሉኛል የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ሆነው። «ምን ላድርግ፣ ደጅ ላይ አይቁምብኝ» እላለሁ። አንዳንዴ አፍንጫዬ ላይ ቀለም ይቀራል፤ ማንም ሳይነግረኝ እስከ ምሳ እዞራለሁ። ቡናማ አፍንጫ ይዤ ሱቅ የሄድኩበት ቀን አለ።

ሰዓቱን የሰጠኝ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ከሐዋሳ ሲመጣ ይዞልኝ መጣ። መጀመሪያ አልወደድኩትም፣ አልዋሽም። ስንት እርምጃ እንደሄድኩ ይነግረኛል፣ ማን ጠየቀው? ብዙ ተቀምጠሻል፣ ተነሺ ይለኛል። ከጠዋት እስከ ማታ በእግሯ የቆመችን ሴት ተነሺ ይላታል። አንድ ሁለት ቀን አውልቄ መሳቢያ ውስጥ ወርውሬው ነበር። ከመሳቢያ ያስወጣው የአባቴ ጉዳይ ነው።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበር። ማታ ሲወጣ በሩን ይቆልፋል፣ ቁልፉ ላይ ክር ያስራል፣ ክሩን በሰም ያሽጋል። ጠዋት ሰሙ እንዳልተነካ አይቶ ነው የሚከፍተው። ጡረታ ወጣ እንጂ አመሉ አልወጣለትም። የሚተኛበትን ክፍል በር ከውስጥ በመቀርቀሪያ ይዘጋል፣ ቁም ሣጥኑን ይቆልፋል፣ የስኳር ዕቃውን ክዳን እንኳ ደግሞ ደጋግሞ ያጠብቃል። ኮምፒውተሩንም እንደዚያው ነው የሚያደርገው። ፎቶ አይቶ ሲጨርስ ከአካውንቱ ይወጣል፤ ወጥቶም በትክክል መውጣቱን ያረጋግጣል። ወንድሜ «አባዬ፣ ዝም ብለህ ክዳኑን ብትዘጋው እኮ ነገ ክፍት ሆኖ ይጠብቅሃል» ቢለው፣ «ክፍት የሚያድር ቤት የኔ አይደለም» አለው። ክርክሩ እዚያው ላይ አለቀ።

የሚያየው የልጅ ልጁን ፎቶ ነው። ወንድሜ በየቀኑ ማታ ሕፃኗን ያነሳትና ያስገባለታል፤ አባቴ ጠዋት ቁርሱን በልቶ፣ ፊቱን ተላጭቶ፣ ኮቱን ለብሶ ያያታል። ኮት የሚለብሰው ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። የእናቴም ፎቶዎች እዚያው ውስጥ ናቸው። እናቴ ካረፈች ቆይታለች፤ ከሞላ ጎደል ያሉን ፎቶዎቿ በሙሉ እዚያ ነው የተቀመጡት።

እነዚያ ፎቶዎች አንድ ጊዜ ከእጃችን ወጥተው ነበር። አንድ ሰው ለአባቴ ደወለለት። ሌቦች ስንላቸው የምናስበው ዓይነት ሰው አይደለም፤ ጨዋ ነው። «እንደምን አደሩ አባቴ፣ ጤናዎስ፣ ልጆችዎስ፣ ብርዱ እንዴት ይዞዎታል» ብሎ ነው የጀመረው። ጤና ተጠያይቀው ሲያበቁ «አሁን ስልክዎ ላይ ቁጥር ይገባልዎታል፣ እባክዎ ያንብቡልኝ» አለው። አባቴ ሰውየውን ይቅርታ ጠይቆ አስጠብቆ፣ መነጽሩን ፈልጎ፣ ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበበለት፤ እንዳይሳሳት ብሎ ደግሞ ደገመለት። ሰውየውም አመስግኖ አካውንቱን ይዞት ሄደ። ስቆጣ አባቴ የመለሰልኝ ትዝ ይለኛል፤ «እንደዚያ አክብሮ ላናገረኝ ሰው እንዴት ብዬ አላነብልህም ልበለው?» አለኝ። ምን ትይዋለሽ? እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ወንድሜ ብዙ ለፍቶ አስመለሰው። የእናቴ ፎቶዎች ሲመለሱ እኔ ፀጉር ቤት ውስጥ ተቀምጬ አልቅሻለሁ፣ ተመስገን። ከዚያ በኋላ ወንድሜ አካውንቱን ከኔ ሰዓት ጋር አገናኘው። ማንም ልግባ ቢል፣ ራሱ አባቴም ቢሆን፣ እኔ ሳልፈቅድ አይገባም። ሰዓቱ ከመሳቢያ ወጥቶ እጄ ላይ የቀረው ያኔ ነው።

መጀመሪያ እንደ ሥራ ነበር የማየው። እያደር ግን ሌላ ነገር ሆነ። ካዛንቺስ የነበረው ቤታችን ሰፈሩ ሲፈርስ አብሮ ፈርሷል፣ የፀጉር ቤቴ በኩል ብቻ ነው የተረፈው፤ አባቴ እኔ ጋር አልኖርም አለ። «የሰው ሳሎን ውስጥ አልጦርም» ብሎ ላንቻ አንዲት ክፍል ተከራየ። በስልክ ብዙ አናወራም፤ እሱ ስልክ ላይ ሰላምታው ረጅም ነው፣ እኔ ደግሞ ሁልጊዜ እጄ ሥራ ላይ ነው። ሰዓቱ ነዘር ሲያደርገኝ ግን ተነስቷል፣ በልቷል፣ ተላጭቷል፣ ኮቱን ለብሷል ማለት ነው። እኔ አረንጓዴዋን ስነካ ደግሞ እሱ እዚያ ሆኖ ልጄ አለች ይላል። ሁለታችንም እንደዚህ አድርገን ደህና አደርክ፣ ደህና አደርሽ እንባባል ነበር። ሌላው ሰው ይሄን ነገር አሰልቺ ነው ሲል እሰማለሁ፤ ልግባ ባለ ቁጥር ፈቃድ መጠየቅ። እኔን አላሰለቸኝም።

ያን ቀን ጠዋት ወንበሩ ላይ የነበረችው የቆየች ደንበኛዬ ናት። ባምቢስ አካባቢ ቢሮ ትሠራለች፤ ፈጣን ናት፣ ንግግሯ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው፣ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ቀለም ልትቀባ መጥታለች። ግማሹን ጭንቅላቷን ቀብቼ በላስቲክ ጠቅልዬላታለሁ። አባቴ እንደ ወትሮው ልግባ አለ፣ በአፍንጫዬ አስገባሁት፣ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ብዙም ሳይቆይ ሰዓቱ እንደገና ነዘረኝ። ኔትወርክ ተቋርጦበት ይሆናል አልኩና እሺ አልኩት። ዝም አለ። የቀረውን ፀጉሯን ከፋፍዬ መቀባት ጀመርኩ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ደግሞ መጣ። እሺ አልኩ። አሁንም ረጅም ዝምታ፣ ከዚያ ደግሞ ልግባ።

«ምን ሆኗል ይሄ ሰውዬ?» አልኩ ጮክ ብዬ።

አባቴ በቀን አንድ ጊዜ ነው የሚገባው። ገብቶ ያያል፣ ወጥቶ ያሽጋል፣ አለቀ። ከወጣ በኋላ ተመልሶ ገብቶ አያውቅም። ጓንቴን አውልቄ ደወልኩለት። ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ። ስልኩ እየጠራ ሳለ ሰዓቱ ደግሞ ነዘረኝ። አንድ እጄ ላይ የማይመልስ ስልክ፣ ሌላው ላይ የሚጠራኝ ሰዓት። ሌባው ተመልሶ መጣ አልኩና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀይዋን ነካኋት። እምቢ።

ጣቴን ሳላነሳ ተመልሶ ነዘረኝ። ወዲያው። እሺ ባልኩት ጊዜ ሁሉ ብዙ ቆይቶ ነበር የሚመጣው፤ እምቢ ስለው ግን በቅጽበት መጣ። ከየትኛው ኮምፒውተር እንደሆነ ሰዓቱ ያሳያል፤ የአባቴ የራሱ ነው፣ ያው ላንቻ ጠረጴዛው ላይ ያለው አሮጌ ላፕቶፕ። እንግዲህ ወይ ሌባ ቤቱ ገብቶ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፣ ወይ አባቴ ራሱ እዚያ ተቀምጦ ስልኩን ማንሳት አልቻለም።

አባቴ በተከራየበት ግቢ በር ላይ ልብስ የምትሸጥ ሴት አለች። የወሎ ልጅ ናት፣ የኔ እኩያ። ዳቦውን እሷ ነች የምታመጣለት፤ እሱ ደግሞ እሷ ለስግደት ስትገባ ወጥቶ ሱቋን ይጠብቅላታል። ለእሷ ደወልኩ። «አብሽሪ፣ አሁኑኑ አያቸዋለሁ» አለችና ስልኩን ሳትዘጋ ወደ ውስጥ ሮጠች። በሩን ስታንኳኳ ይሰማኛል። «ጋሼ፣ ጋሼ» ትላለች። መልስ የለም።

«ከውስጥ ነው የተዘጋው» አለችኝ። «ምናልባት ተኝተው ይሆናል።»

«አልተኛም። አሁን ነካኝ።»

«ማን ነካሽ?»

«አባዬ ነዋ።»

«የት ሆነው ነው የሚነኩሽ?» አለች ግራ ገብቷት። አልፈርድባትም፤ ሌላ ሰው ቢሆን እኔም ራሷን አሟታል እል ነበር። ሰዓቱን፣ ኮምፒውተሩን፣ ሁሉን ላስረዳት ሞከርኩ።

ደንበኛዬ በመስታወቱ ውስጥ እያየችኝ ነበር። ሳልጨርስ ተነሳች። ትከሻዋ ላይ የደረብኩላት ፎጣ እንዳለ፣ ጭንቅላቷ በላስቲክ እንደተጠቀለለ ቦርሳዋን አነሳች። «መኪናዬ በር ላይ ናት። በቃ፣ ነይ» አለችኝ።

«ቀለሙስ?»

«ማለቴ፣ ፀጉር እኮ ነው። ነይ አልኩሽ።»

ስሟን አልጠራም፤ አንዳንድ ሰው በስሙ ሲመሰገን ያፍራል። ግን ይህን ጽሑፍ ካነበበች ራሷን ታውቃለች። ፀጉር ቤቱን አብረውኝ ለሚሠሩት ልጆች ትቼ ወጣን።

ወደ ባምቢስ ስንወርድ መንገዱ እንደ ሁልጊዜው ታፍኗል። እኔ ግራ እጄን በቀኝ እጄ ይዤ ሰዓቱን አያለሁ። ነዘረኝ።

«እሺ በያቸው እንጂ!» አለችኝ ደንበኛዬ።

«እሺ ካልኩት ይቆማል።»

«ዋት ዱ ዩ ሚን ይቆማል?»

«እሺ ስለው ይገባና ይጠፋል። ብዙ ነው የሚቆየው። እምቢ ስለው ወዲያው ይመጣል። እንዲመጣ ነው የምፈልገው። እስከመጣ ድረስ አለ ማለት ነው።»

ይሄን ስናገር ነው ለራሴም የገባኝ። ቀይዋን ነካኋት። ነዘረኝ። ነካኋት። ነዘረኝ። አባቴን በሕይወቴ እምቢ ብዬው አላውቅም። ከሰው ሁሉ ጋር እጣላለሁ፣ ከታክሲ ረዳት ጋር፣ ከውሃ ቆጣሪ አንባቢ ጋር፣ ከገዛ ወንድሜ ጋር፤ አባቴ ላይ ግን ድምፄን ከፍ ካደረግኩ እሱ ዝም ይላል፣ እኔ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ይቆጨኛል። እና አሁን መኪና ውስጥ ተቀምጬ ልግባ ሲለኝ እምቢ፣ ልግባ ሲለኝ እምቢ። ኮምፒውተሩ ላይ ምን ብሎ እንደሚጻፍለት አውቃለሁ፤ ጥያቄዎ ተቀባይነት አላገኘም ይለዋል። እንባዬ ሰዓቱ ላይ ወረደና መስታወቱን መጥረግ ነበረብኝ።

ሌላም ፍርሃት ነበረኝ። ወንድሜ አንድ ጊዜ ነግሮኛል፤ በጣም ብዙ ጊዜ ከተከለከለ አካውንቱ ራሱን ይቆልፋል። ስንት ሲሆን እንደሚቆልፍ ግን አልጠየቅኩትም። ስለዚህ እያንዳንዷን እምቢ የምነካት የመጨረሻዋ ትሆን ይሆን እያልኩ ነው። ብነካም ፈራሁ፣ ባልነካም ፈራሁ።

መስቀል አደባባይ መብራት ያዘን። አጠገባችን የቆመ የትራፊክ ፖሊስ ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ አየ። ላስቲክ ራሷ ላይ የጠቀለለች፣ ግንባሯ ላይ ጥቁር ቀለም የሚወርድባት ሴት መሪ ጨብጣለች፤ ከጎኗ ሌላዋ ሰዓቷን እያየች ታለቅሳለች። ምን እንዳሰበ አላውቅም። ብቻ ሌላውን መንገድ በእጁ አቆመና እኛን እለፉ አለን። እሱንም አመሰግነዋለሁ።

የላንቻዋ ጎረቤት መልሳ ደወለች። በመስኮት ለማየት ሞክራለች፣ መጋረጃው ተዘግቷል።

«በሩን ስበሪው» አልኳት።

«የጋሼን በር?»

እንዲህ ያለችበት ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ከሰም ማኅተም ጋር የኖረ ሰው በር ነው፤ ግቢው በሙሉ ጋሼ በራቸውን እንዴት እንደሚዘጉ ያውቃል። እሷም የሰው ነገር ይከብዳታል፤ ሽማግሌ ሰው ምናልባት ሽንት ቤት ሆነው፣ ምናልባት ልብስ እየቀየሩ ሳለ በራቸውን ገንጥላ ብትገባ በየት በኩል ቀና ብላ ታያቸዋለች?

«ውስጥ መሆናቸውን እርግጠኛ ነሽ?» አለችኝ። «እርግጠኛ ከሆንሽ ወላሂ አሁኑኑ አስገነጥለዋለሁ።»

ሰዓቱን አየሁት። ነዘረኝ።

«እርግጠኛ ነኝ» አልኳት። «አሁን፣ በዚህች ሰከንድ፣ ወንበሩ ላይ ነው።»

ስልኩን ዘጋችው። ከግቢው ፊት ለፊት ጋራዥ አለ፤ ወደዚያ እንደምትሮጥ ገባኝ።

ሪቼ ጋ ስንደርስ ሰዓቱ ዝም አለ።

ቀይዋን ነክቼ እየጠበቅኩ ነበር። አልመጣም። እጄን አራገፍኩት፣ ማሰሪያውን አጠበቅኩት፤ ምንም የለም። ደንበኛዬ ዞር ብላ አየችኝና «ምን አለ?» አለች። «ዝም አለ» አልኳት። ጥሩምባውን ተጭና በአስፋልቱ ጠርዝ በኩል አለፈች። እኔ አካውንቱ ተቆልፎ ነው አልኩ። ከዚያ ደግሞ አይደለም አልኩ። እመቤቴን ለመንኳት። የለመንኩት ነገር ደግሞ ትንሽ ነበር፤ አንድ ጊዜ ብቻ ይንዘረኝ ነው ያልኩት። ሰው ሲጨንቀው ምን እንደሚለምን አያውቅም።

ግቢው በር ላይ መኪናዋ በደንብ ሳትቆም ወረድኩ። የአባቴ ክፍል በር ከማጠፊያው ተነቅሎ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ሁለት የጋራዥ ሠራተኞች ፌሮ እንደያዙ ውጭ ቆመዋል፤ ሲያዩኝ ገለል አሉ።

አባቴ ወንበሩ ላይ ነበር፤ ኮቱን ለብሷል። ቀኝ እጁ ወደ ጎን ተንጠልጥሏል፣ አፉ በአንድ በኩል ወርዷል። ስልኩ ማዶ አልጋው ራስጌ ቻርጅ ላይ ተሰክቷል፤ ተነስቶ ሊደርስበት አልቻለም። ዓይኑ ግን እኔን አየኝ፤ እኔ መሆኔን አውቆ አየኝ። ጎረቤታችን አጠገቡ ተንበርክካ ግራ እጁን በሁለት እጆቿ ይዛዋለች።

«እጃቸው የኮምፒውተሩን ቁልፍ መምታት አልተው ስላለኝ ያዝኩት» አለችኝ። «አብሽሩ መጥተናል ብላቸውም አይተዉም። ስይዛቸው ጊዜ ነው የተዉት።»

ለካ ያ ዝምታ እሷ እጁን ስትይዘው ነው። መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። እንዲህ ያለ ደስታ አይቼ አላውቅም፤ የሰርጌም ቀን አይደርስበትም። ጎረቤት የሚባለው ነገር ሰፈራችን ሲፈርስ አብሮ የፈረሰ መስሎኝ ነበር፤ ይኸው ላንቻ ውስጥ የአባቴን እጅ ይዞ አገኘሁት።

የጋራዡ ሰዎች ከነወንበሩ አንስተው መኪና ውስጥ አስገቡት። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሟ ስትሮክ ነው አለች። ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ብዙ ቤተሰብ ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም አለች። እኔ ግን ሰዓቴን ከፍቼ አሳየኋት፤ በስንት ሰዓት ሁለተኛ ጊዜ ልግባ እንዳለ እዚያው ላይ ተጽፏል። አይታ ራሷን ነቀነቀችና «በጊዜ ነው ያመጣችሁት» አለች። ወደ ውስጥ ይዘውት ገቡ።

ደንበኛዬ አልሄደችም። ኮሪደሩ ላይ ከኔ ጋር ተቀመጠች፤ የቆዳዋ ማቃጠል ሲብስባት የሆስፒታሉ መጸዳጃ ገብታ ጭንቅላቷን ቧንቧ ሥር አድርጋ ታጠበች። ስትወጣ ግማሹ ፀጉሯ እንደ ጫማ ቀለም የጠቆረ፣ ግማሹ ያልተነካ ነው። ቢሮዋ ለስንት ጊዜ እንደዚያ ሆና ሄዳለች፤ ሲጠይቋት «ፋሽን ነው» ትላቸው ነበር። እኔ እሷ መጥታ ሌላ ሰው ወንበሩ ላይ ካለ፣ ያንን ሰው አስነስቼም ቢሆን አስቀምጣታለሁ። ደንበኞቼ ያጉረመርማሉ። ያጉረምርሙ።

አባቴ ተመለሰ። ቀስ ብሎ ነው የተመለሰው፤ መጀመሪያ ዓይኑ፣ ከዚያ እግሩ፣ በመጨረሻ ንግግሩ። ወንድሜ ሕፃኗን ይዞ መጣና ስንት ጊዜ በፎቶ ያያትን ልጅ ጭኑ ላይ አስቀመጠለት። የጋራዡ ሰዎች በሩን አበየዱለት፤ መቀርቀሪያውን ግን ከውጭም የሚከፈት አደረጉት፣ ሳንጠይቃቸው። አባቴ ይሄን ሲያይ መቀርቀሪያውን አንዴ ከፍቶ ዘጋውና ጎረቤታችንን በእጁ ጠራት። ትርፍ ቁልፉን መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። ዕድሜውን ሙሉ ለማንም ቁልፍ ሰጥቶ አያውቅም፤ ለእናቴ እንኳ። እሷም ይሄን ስለምታውቅ አልቀበልም አላለችም።

እኔ ግን አንድ ነገር ውስጤ ቀርቶ ነበር። ያቺ ቀይ ቁልፍ። ሰው ሰውነቱ ግማሹ ከድቶት፣ ድምፁ ጠፍቶ፣ በአንድ ጣቱ በር ሲያንኳኳ፣ በየጊዜው ተቀባይነት አላገኘም የሚል ጽሑፍ ፊቱ ላይ ይመጣበታል። ይሄን ሳስብ እንቅልፍ ያቃተኝ ጊዜ አለ። ንግግሩ ትንሽ ከተስተካከለለት በኋላ አንድ ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ስንሞቅ፣ ፀጉሩን እየከረከምኩለት፣ ከበስተኋላው ስለሆንኩ ድፍረት አገኘሁና ጠየቅኩት።

«አባዬ፣ ያን ቀን እምቢ እያልኩህ ነበር። እንድትመለስልኝ ብዬ ነው። ከፋህ?»

ቃል ለማግኘት አሁንም ጊዜ ይወስድበታል፤ አንዱን ያነሳል፣ ያ አይደለም ብሎ ይጥላል፣ ሌላ ይፈልጋል። መቀሱን ይዤ ጠበቅኩት።

«መጀመሪያ እሺ አልሽኝ» አለ በመጨረሻ። «ተከፈተ። ፎቶው መጣ። ሰው ግን አልመጣም። ያንን... አይጥ የምትሉትን... በግራዬ ጎትቼ ጎትቼ ወጣሁ። ደግሜ አንኳኳሁ። ደግሞ እሺ አልሽኝ።»

በግራ እጁ ትከሻው ላይ የወደቀውን ፀጉር አራገፈ።

«እሺ ስትዪኝ፣ ለምዳ ነው፣ እጇ ነው እንጂ እሷ አላየችኝም አልኩ። እዚሁ ነው የማልቀው አልኩ።»

መቀሱን ከጆሮው አራቅኩት።

«ከዚያ እምቢ አልሽኝ» አለ አባቴ። «አየችኝ አልኩ። ከዚያ በኋላ አልፈራሁም።»